ፖለቲካዊ «እችላለሁ ባይነት» ምንድን ነው?

እሁድ ጠዋት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የብሎካችን ስብሰባ ላይ ነን። የውሃ ፈረቃ ጉዳይ ተነስቷል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አነሱና መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ከተቷት። ሰብሳቢው አይቷቸው ኖሮ «እማማ፣ የሚሉት አለ?» አላቸው። «ኧረ እኔ ምን አውቄ! የተማሩት ይናገሩ» አሉ። ሌሊት ተነስተው ጀሪካን የሚሞሉት ግን እሳቸው ናቸው፤ ውሃው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የትኛው ፎቅ ላይ እንደማይደርስ ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ።

ፖለቲካዊ እችላለሁ ባይነት ማለት አንድ ዜጋ «የኔ ቃል የጋራውን ጉዳይ ሊያንቀሳቅስ ይችላል» ብሎ ማመኑ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ተመራማሪ አንገስ ካምቤል እና ሁለት ባልደረቦቹ ናቸው። የአሜሪካ መራጮችን ሲያጠኑ «እንደኔ ያለ ሰው መንግሥት በሚሠራው ላይ ምንም ድምፅ የለውም» የሚል ዓረፍተ ነገር እያነበቡ ይስማሙ እንደሆነ ይጠይቋቸው ነበር። አባዶም ቢጠየቅ ቃሉ እንግዳ የሚሆንበት ሰው የለም።

በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሐሳቡን ለሁለት ከፈሉት። ውስጣዊው «ጉዳዩ ይገባኛል፣ መናገር እችላለሁ» ማለት ነው፤ ውጫዊው «ብናገር የሚሰማኝ አለ» ማለት ነው። የእማማ «ምን አውቄ» የውስጣዊው መጉደል ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ደግሞ የውጫዊው።

ይህ እምነት፣ ሰው በጠቅላላው ለራሱ ከሚሰጠው ግምት ጋር ይያያዛል። ለዚህ ግምት ዛሬም በሰፊው የሚሠራበትን የ10 ዓረፍተ ነገር መለኪያ ያዘጋጀው አሜሪካዊው ተመራማሪ ሞሪስ ሮዘንበርግ፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የሚሰጡ ወጣቶች ስለ ሕዝብ ጉዳይ ብዙም እንደማይወያዩ አይቷል። ይሳቅብኛል የሚል ሥጋት አፍ ይይዛል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ተሳትፎም በተራው ለራስ ያለን ግምት ያሳድጋል። እኔ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው እላለሁ፦ መልስ ማግኘት። ያለቀ ጉዳይ ላይ ተጠርቶ፣ አጨብጭቦ የሚመለስ ሰው ከመጣበት አንሶ ነው የሚሄደው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38፣ ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላው የመምረጥ መብት ሰጥቷል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ እምነት ያጎደለ ተወካይን ከቦታው ማንሳት እንደሚቻል ይናገራል። ትልቅ መብቶች ናቸው። ነገር ግን ብሎኩ ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት ያልቻለ ሰው በእነዚህ እንዴት ይጠቀማል?

የዚያን ቀን ሰብሳቢው አንድ ነገር አደረገ። «እማማ፣ ውሃው የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ሰዓት እርስዎ ይያዙልን» አላቸው። በቀጣዩ ስብሰባ የልጅ ልጃቸው የጻፈበትን ደብተር ይዘው መጡ። ውሃው ያኔም በፈረቃ ነበር። እሳቸው ግን የተቀመጡት ከፊት ነው፤ ሰብሳቢው ቀን ሲያሳስት «ማክሰኞ አይደለም፣ ሐሙስ ነው» ብለው አረሙት።