በአውሮፕላን ላይ ስለሚነሳ ራስ ምታት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አውሮፕላን ላይ ኦክስጅን ስለሚያንስ ነው ራሴን የሚያመኝ» የሚለውን አባባል ከታካሚዎቼ መስማት ሰልችቶኛል፤ ተናጋሪው የአዲስ አበባ ነዋሪ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። አውሮፕላኑ ከ10,000 ሜትር በላይ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው አየር የሚታመቀው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ያለው 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። ለቆላ ሰው የኦክስጅኑ ማነስ ጥቂት አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል፤ እንጦጦ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ግን በዚህ ሊያመካኝ አይችልም።

ሕመሙ የሚነሳበት ሰዓትም ይህን ያፈርሰዋል። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምደባ ውስጥ ያካተተው ይህ ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ ነው፤ በአንድ ወገን፣ ከዓይን በላይ ወይም ዙሪያ እንደ ጩቤ ይወጋና ካረፉ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እንደሚለው፣ በሚወርድበት ጊዜ የአየሩ ግፊት ሲጨምር፣ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ከአፍንጫ አየር ስበው መመጣጠን ሲኖርባቸው፣ መተላለፊያቸው ከጠበበ ወይም ካበጠ ውስጡን የሸፈነው ስስ ሽፋን ይጎተታል። ዕቃ ለማምጣት ወደ ዱባይ የምትመላለስ አንዲት ታካሚዬ ስትሄድ ከመውረጃው ጀምሮ ግንባሯን ይዛ እንደምታለቅስ፣ ስትመለስ ግን ቦሌ ላይ ምንም እንደማይሰማት ስትነግረኝ «የሀገሬ አየር ነው» ብላ ነበር። ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ዱባይ ከባሕር ጠረፍ ላይ ስለሆነች ግፊቱ በብዙ ይጨምራል፣ አዲስ አበባ ሲወርዱ ግን እምብዛም አይለወጥም።

«ሳይነስ ነው» ብለው ከጉዞ በፊት ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተው የሚውጡ አሉ። ይህ የግፊት ጉዳይ እንጂ የባክቴሪያ አይደለም፤ ፀረ ባክቴሪያው ምንም አይሠራለትም። «ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ነው» ለሚሉ ደግሞ፣ ግፊቱ በእጅጉ ካላሻቀበ በቀር ራስ አያሳምምም። ከማለዳ ጀምሮ ቡና ሳይጠጣ ሌሊት የተሳፈረ ቡና ወዳድ በረራው መካከል ራሱን ቢያመው፣ አውሮፕላኑን ትቶ ሱሱን ይጠርጥር።

የሚወርዱበት ሰዓት ሲቃረብ እንቅልፍ አይያዛችሁ፤ ማዛጋትና መዋጥ ከራስ ምታቱ ይልቅ ለጆሮ ቢጠቅሙም አይጎዱም። ሕመሙ የተደጋገመባቸው ሰዎች ከመውረጃው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው አይቡፕሮፌን ወይም ናፕሮክሲን ቢወስዱ ብዙዎቹ ይረዳቸዋል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይንኩት። አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ ከመውረዱ ግማሽ ሰዓት በፊት መጠቀም ይቻላል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ሌላውም ለሳምንታት አያዘውትረው። ካረፉ በኋላ ለሰዓታት የቀጠለ፣ በድንገት የፈነዳ፣ ወይም ከእጅ መዛልና ከንግግር መንተባተብ ጋር የመጣ ሕመም ግን የአውሮፕላን ራስ ምታት አይባልም፤ ሻንጣ ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።