የኤችቲቲፒ ቨርዥን መምረጥ ምንድን ነው?

ብሮውዘርና ሰርቨር የሚግባቡበት ደንብ ኤችቲቲፒ ይባላል። ዛሬ ሦስት ቨርዥኖቹ ጎን ለጎን ይሠራሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው 1.1፣ የ2015ቱ 2 እና የ2022ቱ 3።

የትኛው ይሁን ተብሎ ተጠቃሚው አይጠየቅም። የተመሰጠረው ግንኙነት ሲጀመር ብሮውዘሩ የሚችላቸውን ቨርዥኖች ዘርዝሮ ይልካል፣ ሰርቨሩ አንዱን ይመርጣል። አሠራሩ ኤኤልፒኤን ይባላል። እንግዲህ በእጃችን ያለው ሥልጣን ከዝርዝሩ ላይ የማንፈልገውን መሰረዝ ነው፤ ሰርቨሩ የማይችለውን ቨርዥን የሚያመጣ ቅንብር የለም።

3 ግን ለየት ይላል። ሌሎቹ የተላከው ሁሉ በቅደም ተከተል መድረሱን በሚያረጋግጠው በቲሲፒ ሲሄዱ፣ እሱ ክዊክ በሚባል ፕሮቶኮል፣ ይህን ሳያረጋግጥ በሚልከው በዩዲፒ ላይ ይጓዛል። ብሮውዘሩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በ2 ይገባል፤ ሰርቨሩም በመልሱ ሄደር (ከገጹ ይዘት በፊት በሚመጣው መረጃ) ውስጥ በዩዲፒ ፖርት 443 በ3 እንደሚገኝ ይነግረዋል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በክሮም ኤፍ12 ተጭነው ኔትወርክ የሚለውን ይክፈቱ፤ የዓምዶቹን ርዕስ በቀኝ ክሊክ ነክተው ፕሮቶኮል የሚለውን ያብሩ። ቅድም ኤች2 ይል የነበረው ገጽ ሪፍሬሽ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ኤች3 ይላል።

ታዲያ ለምን ይነካካል? ዩዲፒን የሚዘጉ የመሥሪያ ቤት ኔትወርኮች አሉ። ጭራሽ ከተዘጋ ብሮውዘሩ ራሱ ወደ ቲሲፒ ይመለሳል። የሚያስቸግረው ግማሽ በግማሽ ሲያልፍ ነው፤ ገጹ ይንቀራፈፋል፣ ምክንያቱም አይታወቅም። ያኔ 3ን አጥፍቶ መሞከር ይገባል፦ በክሮም ፍላግስ ገጽ ላይ ኤክስፔሪመንታል ክዊክ ፕሮቶኮል የሚለውን ዲሴብልድ ማድረግ፣ በፋየርፎክስ ደግሞ አባውት ኮንፊግ ገብቶ የኤችቲቲፒ3ን ቅንብር ፎልስ ማድረግ ነው።

ያለ ምክንያት ማጥፋቱን ግን አልመክርም። በ1.1 ብሮውዘሮች ለአንድ ሰርቨር የሚከፍቱት ቢበዛ ስድስት ግንኙነት ስለሆነ ፎቶ የበዛበት ገጽ ወረፋ ይይዛል። በ2 ሁሉም በአንድ ግንኙነት ይመጣል፤ አንድ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ ከሚላክባቸው ቁራጮች አንዱ) ከጠፋ ግን ቲሲፒ እሱ እስኪደርስ ሁሉንም ያስቆማል። በ3 የሚቆመው ፓኬቱ የጠፋበት ፋይል ብቻ ነው። ኔትወርኩ በሚቆራረጥ ስልክ ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሰርቨር ለሚፈትሽ ሰው ከብሮውዘር ይልቅ ከርል የተባለው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም ይሻላል። በ3 ብቻ እንዲሠራ ከታዘዘ፣ ካልሆነለት ወደ 2 ሳይመለስ ስህተቱን ተናግሮ ያቆማል።