የመሀል አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችና የቪላ ቤት ድራማ

ስም አይኑረው እንጂ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት የአማርኛ ፊልም አለ። ቦሌ ወይም ሲኤምሲ ያለ ቪላ፣ ከፍ ያለ አጥር፣ ሁሉ ሞልቶላቸው የተኳረፉ ባልና ሚስት። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ወዳጅነት ይመጣል፤ ልጅቷ ከዘበኛው፣ አባትየው ከሊስትሮው። ታሪኩ ዳር ዳሩን ይሁን እንጂ ፊልሙን ተመልካች ያስለመደው መሀል ከተማ ነው፣ በተለይ ፒያሳ።

የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረው ነው፤ ሰዉ «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። አንዳንዶች ነገሩን እስከ ምኒልክ ዘመን ያደርሱታል፣ ሌሎች ወዲህ ያመጡታል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ሲኒማ ቤቶች በረከቱ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ራሱ በጣሊያኖች ለሲኒማ ተጀምሮ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ ኢዮቤልዩ የተመረቀ ነው። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ወጣ፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልምም እሱ ነው። ደርግ መጣ፣ ሲኒማ ቤቶቹ ተወረሱ።

ሞቅ ያለው ጊዜ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው ነው። በፊት በሴሉሎይድ ፊልም መሥራት ዋጋው አይቀመስም ነበር። ቪዲዮ ካሜራ ሲገባ ግን ካሜራ የተከራየና የዘመድ ቤት የተዋሰ ሁሉ ፊልም ሠሪ ሆነ፣ ቪላውም የበዛው ለዚህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሳሎን ውስጥ ሲቀረጽ ድምፁም መብራቱም በእጅ ነው፣ መንገድ ላይ ግን መኪናው ጡሩምባ ይነፋል፣ መንገደኛው ቆሞ ካሜራውን ያያል። ስለዚህ ጸቡም እርቁም ሶፋ ላይ ያልቃል። በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በአምፒርና በአምባሳደር በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ውስጥ ገብቶም ዝም ብሎ የሚያይ የለም፤ ባለጌው ባል ይሰደባል፣ ዘበኛው ደፍሮ እውነቱን ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። በኋላ የመጡት የቦሌ ሲኒማዎች ወንበራቸው ይመቻል፤ እንዲህ ያለ ተመልካች ግን የመሀል ከተማው ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም።

ድርሰቱ ላይ ትችት አለ። ሀብታም ሁሉ ደስታ የለውም፣ ድሃ ሁሉ ደግ ነው ማለት ይቀናዋል። ተዋንያኑ ግን ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ይበልጣሉ፤ ከመድረክ የመጡት በተለይ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጉማ የፊልም ሽልማት መጥቷል። ዛሬ ብዙው ፊልም ከአዳራሽ ወጥቶ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፤ ስድቡና ጭብጨባውም ወደ ኮሜንት ሄዷል።