የቬክተር ዳታቤዝ የድጋፍ ማብቂያ ምንድን ነው?

የድጋፍ ማብቂያ የሚባለው የአንድ ሶፍትዌር አዘጋጆች ለአንድ ቨርዥን የስህተት እርማትና የደኅንነት ማስተካከያ ማውጣት የሚያቆሙበት ጊዜ ነው። ጊዜው ሲደርስ ሶፍትዌሩ ሥራውን አያቋርጥም፤ ትናንት ይመልስ የነበረውን ጥያቄ ዛሬም ይመልሳል። የሚቀረው ከዚያ በኋላ የተገኘን የደኅንነት ቀዳዳ በዚያ ቨርዥን ላይ የሚደፍን ሰው ነው። አደጋው የሚዘነጋውም ምንም የተለወጠ ነገር ስለማይታይ ይመስለኛል።

ቬክተር ዳታቤዝ ጽሑፍን ወይም ምስልን ትርጉሙን በሚወክሉ ረጃጅም የቁጥር ድርድሮች (ቬክተሮች) መልክ አስቀምጦ፣ ለቀረበለት ጥያቄ በትርጉም የሚቀርበውን ፈልጎ የሚያወጣ ነው። በክፍት ምንጭነት ከሚታወቁት መካከል ሚልቨስ፣ ኳድራንትና ክሮማ በአፓቺ 2.0 ፈቃድ የተለቀቁ ሲሆን፣ ይህ ፈቃድ ኮዱን የመጠቀምና የመለወጥ መብት ቢሰጥም ሶፍትዌሩን ያለ ምንም ዋስትና «እንዳለ» ነው የሚያስረክበው። ስለዚህ አንድ ቨርዥን እስከ መቼ እርማት እንደሚያገኝ የሚወስነው ፈቃዱ ሳይሆን የፕሮጀክቱ የድጋፍ ፖሊሲ ነው፤ ሶፍትዌሩን ከመምረጥ በፊት መነበብ ያለበትም እርሱ ነው።

ፖሊሲዎቹ እጅግ ይለያያሉ። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ዋና ቨርዥን የ5 ዓመት ድጋፍ ይሰጣል፤ በ2019 የወጣው ቨርዥን 12 ድጋፉ ያበቃው በኅዳር 2024 ነበር። በዚሁ ዳታቤዝ ላይ ተጨምሮ የቬክተር ፍለጋ የሚያስችለው ፒጂቬክተር ደግሞ በ0.8.0 ቨርዥኑ ለፖስትግሬስኪውኤል 12 የሚሰጠውን ድጋፍ አቁሟል፤ በመሆኑም ፒጂቬክተርን የሚጠቀም ሰው የሁለቱንም የጊዜ ሰሌዳ መከታተል ይኖርበታል። በለጋ ፕሮጀክቶች ዘንድ ግን እርማት በአብዛኛው የሚወጣው ለቅርብ ጊዜዎቹ ቨርዥኖች ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ የቀረ ተጠቃሚ ችግሩን ሲያሳውቅ የሚያገኘው የመጀመሪያ ምላሽ «መጀመሪያ ወደ አዲሱ ተሻገር» የሚል ነው።

መሻገሩም ቢዘገይ እየከበደ ይሄዳል። ኳድራንት ተኳኋኝነትን የሚያረጋግጠው በተከታታይ ቨርዥኖች መካከል ስለሆነ፣ ብዙ ቨርዥን የዘለለ ሰው ደረጃዎቹን አንድ በአንድ መውጣት አለበት። ክሮማ በ2023 ባወጣው 0.4 ቨርዥን የመረጃ አቀማመጡን ስለለወጠ ነባር መረጃን በማሸጋገሪያ መሣሪያ ማዛወር አስፈልጎ ነበር። ሚልቨስም ከ1 ወደ 2 ሲሸጋገር ከሥር መሠረቱ ስለተቀየረ፣ የቀድሞው መረጃ እንዲሁ በቀጥታ የሚከፈት አልነበረም።

በዚህ ዘርፍ ደግሞ ሌላ ጊዜ ገደብ አለ፤ ቬክተሮቹን የሚፈጥረው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የራሱ የአገልግሎት ዘመን አለው። ኦፕንኤአይ የመጀመሪያ ትውልድ ኢምቤዲንግ (ቬክተር ፈጣሪ) ሞዴሎቹን በጥር 2024 ዘግቷል። በሁለት የተለያዩ ሞዴሎች የተፈጠሩ ቬክተሮችን እርስ በርስ ማነጻጸር ትርጉም የለውም፤ ሞዴሉ ከተዘጋ አዲስ ጥያቄን በቀድሞው መንገድ ወደ ቬክተር መቀየር ስለማይቻል፣ ዳታቤዙ ራሱ ሙሉ ድጋፍ ቢኖረውም በውስጡ ያለው ክምችት ለፍለጋ አይውልም። ኢንዴክስን፣ ማለትም ፍለጋውን የሚያፋጥነውን ማውጫ፣ ከቬክተሮቹ እንደገና መሥራት ይቻላል፤ ከቬክተር ግን ዋናውን ሰነድ አስተማማኝ በሆነ መንገድ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለሆነም ዋናው ሰነድና የሞዴሉ ስም ከነቨርዥኑ ከዳታቤዙ ውጭ ተለይተው መቀመጥ አለባቸው፤ ይህን ያላደረገ ሰው የድጋፍ ማብቂያው ሲደርስ መውጫ ያጣል።

ሽግግሩ ሲከናወን የመረጃው ቁጥር አለመጉደሉን ማየት ብቻውን አይበቃም። የቬክተር ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ ግምታዊ በመሆኑ፣ አዲሱ ቨርዥን ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ከቀድሞው የተለየ ውጤት ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ትክክለኛ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ በአሮጌውም በአዲሱም ላይ መሞከር፣ ውጤታቸው እስኪነጻጸርም ድረስ አሮጌውን ከነባክአፑ ማቆየት ያስፈልጋል።