የዶሮ መዋያ ክዳን፦ የሚባለውና እውነታው

ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ዶሮ የሚያረባ ሰው አማካሪ አያጣም። አናጺው አንድ ይላል፣ ጎረቤት ሌላ ይላል፣ ዶሮውን የሸጠልህ ልጅ ደግሞ የራሱ አለው። እኔ ሁሉንም ሰምቼ፣ ግማሹን አምኜ፣ ዋጋዬን አግኝቻለሁ። በተለይ ዶሮዎቹ ቀን ቀን የሚውሉበትን አጥር ስለ መሸፈን የሚወራው ብዙው ስህተት ነው።

«ከላይ መረብ ከተዘረጋ በቃ»

ጭልፊትን የምናየው በጠራራ ፀሐይ ስለሆነ እሱን እንፈራለን። ጫጩት ካለ ጭልፊትም ቁራም ስለሚመጣ መረቡ ያስፈልጋል። ትልልቆቹን የሚጨርሰው ግን ሌሊት የሚመጣው ሸለምጥማጥ ነው። ዛፍ ይወጣል፣ አጥር ላይ ይሄዳል፣ ሰውነቱ እንደ ገመድ ነው። ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ይከተላል።

አንድ ጠዋት ስወጣ ሦስት ዶሮ ተጋድመው አገኘሁ። የተበላችው አንዷ ብቻ ናት፣ እሷም አንገቷ አካባቢ። ሁለቱ ተነክሰው ተጥለዋል። ቀና ብዬ ሳይ ከመረቡ አንዲት ክር አልተበጠሰችም። ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት በበሩና በመቃኑ መካከል ያለች ክፍተት ነበረች። አራት ጣቴን ሰብስቤ ስሞክር ገባ። ጠርዟ ላይ ግራጫ ጸጉር ተሰክቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄው ነው።

መዋያ ሌላ፣ ማደሪያ ሌላ ነው። ዶሮ ሲመሽ ዳፍንት ስለሚይዛት ማምለጥ አትችልም። ሳይጨልም ክፍተት ወደሌለው ማደሪያ ገብታ መቆለፍ አለባት። የመዋያው ክዳን ይህን አይተካም።

«የዶሮ ሽቦ ዶሮ ይጠብቃል»

ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ስሱ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ ሌላው እንዳይገባ አይከለክልም። የመንደር ውሻ በጥርሱ ይዘረጥጠዋል። አይጥም ሰተት ብሎ ያልፍበታል። ለላዩ ይሁን። ከታች እስከ ወገብ ድረስ ግን በብየዳ የተያያዘ ጠንካራ ሽቦ ይሻላል፣ ቀዳዳው ከ13 ሚሊሜትር ያልበለጠ።

ሽቦው መሬት ላይ ካለቀም ዋጋ የለውም። ወይ 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች ቅበረው፣ ወይ 50 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ አንጥፈህ አፈርና ድንጋይ አልብሰው። እኔ ማንጠፉን እመርጣለሁ። ውሻ መቆፈር የሚጀምረው አጥሩ ሥር ነው። ጥፍሩ ሽቦ ሲነካ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ልሞክር አይልም፣ ትቶ ይሄዳል።

«ሙሉውን ቆርቆሮ አልብሰውና ተገላገል»

አናጺዎች ይህን ይወዳሉ። ግን ዶሮ አታልብም። ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ከጎኗ ታርቃለች። ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ሥር በቀትር ግባና አንድ አምስት ደቂቃ ቁም፣ ይገባሃል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ከሆንክማ ልትገድላቸው ነው።

ብርሃኑም አለ። የእንቁላል ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። የእኛ አገር ቀን ራሱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እሱንም በቆርቆሮ ከከለከልናት ምን ቀረላት? ግማሹን ቆርቆሮ፣ ግማሹን ሽቦ ማድረግ ይበቃል። መኖውና ውሃው ከቆርቆሮው ሥር ይሁን።

«የሀበሻ ዶሮ ናት፣ ዝናብ አይጎዳትም»

ዝናቡን ትችለው ይሆናል። ጭቃውን ነው የማትችለው። ኮክሲዲያ የሚባለው ተባይ ከኩስ ጋር ወጥቶ እርጥብና ሞቅ ያለ መሬት ሲያገኝ ነው ለመበከል የሚደርሰው። ጫጩት ተኮራምታ ደም የቀላቀለ ኩስ ስትጥል ካየህ ወለሉን ተመልከት። ክረምት ሳይገባ ዙሪያውን ቦይ ማውጣት፣ ጣሪያውን ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ሰጋቱራ መነስነስ። ሰጋቱራው በእጅህ ስትጨብጠው ከተጣበቀ ቀይረው።

«በሸራ ጠቅልለው፣ ይበርዳቸዋል»

ደረቅ ዶሮ የአዲስ አበባን ብርድ ላባዋን ነፍታ ትቋቋመዋለች። የታፈነ አየር ግን ሳንባዋን ይጎዳል። በርከክ ብለህ በዶሮዋ ቁመት ልክ አሽት። ሽታው አይንህን ካቃጠለህ እሷ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነች። ሸራውን ንፋስ በሚመጣበት ጎን ብቻ፣ ከላይ አንድ ክንድ ክፍት ትተህ ዘርጋ።

«የተሸፈነ መዋያ ፈንግል አይገባውም»

ይገባዋል። ፈንግል ተላላፊ የዶሮ በሽታ ነው፤ በጫማህ ይገባል፣ ለበዓል ከገበያ በገዛኸው አውራ ዶሮ ይገባል፣ መረቡ ላይ ካረፈች ወፍ ኩስም ሊመጣ ይችላል። መድኃኒት የለውም፣ ያለው ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱም ይመረታል። መቼ መቼ እንደሚሰጥ የወረዳህን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቅ።

«አሮጌ ሲዲ ስቀል፣ ጭልፊት ይሸሻል»

ሰቅያለሁ። ሁለት ሳምንት ሠራ። በሦስተኛው ቁራው ምሰሶው ላይ ተቀምጦ መልኩን ያይበት ነበር።