አጸፋው መቼ ነው? በዶሚኒየን ካርታ ጨዋታ የተለመዱ ስህተቶች

በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ዶሚኒየን (ተጫዋቾች ከመሃል ካሉ ክምሮች ካርታ እየገዙ የራሳቸውን የካርታ ክምር የሚገነቡበት ጨዋታ) ጭቅጭቅ የሚነሳው ካርታው በሚያደርገው ነገር ሳይሆን በሚያደርግበት ቅጽበት ነው። ካርታው ላይ «ስታገኝ» ነው ወይስ «ስትጥል» የሚለው? አብዛኛው ክርክር እዚያች ቃል ላይ ያልቃል።

«ጥቃቱ ወዴት እንደሚያመራ አይቼ ሞውትን እገልጣለሁ።»
አይሆንም። ሞውት (ስሙ ሲነበብ ሞት ቢመስልም ሥራው ከጥቃት ማዳን የሆነ የአጸፋ ካርታ ነው) የሚገለጠው ሌላ ተጫዋች የጥቃት ካርታ (ሌሎቹን የሚጎዳ ካርታ) እንዳወጣ፣ ከተጻፈው አንዱም ሳይፈጸም ነው። ዊች (ለአጥቂው 2 ካርታ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ነጥብ የሚቀንስ የእርግማን ካርታ የምትሰጥ ጥቃት) ከወጣች፣ አጥቂው 2 ካርታ ከማንሳቱ በፊት ማለት ነው። ሚኒየን በተባለው የጥቃት ካርታ ላይ ደግሞ አጥቂው ምርጫ አለው፦ ወይ 2 ሳንቲም ይወስዳል፣ ወይ እጁን ጥሎ 4 ያነሳና 5 ወይም ከዚያ በላይ የያዙትንም እንዲሁ ያስደርጋል። ምርጫውን እስኪናገር የጠበቀ አምልጦታል። አጥቂውም ካርታውን አስቀምጦ ትንሽ ቢታገስ ይሻላል፤ ተቸኩሎ የታየ ካርታ እንዳልታየ አይሆንም።

«ሞውት ከተገለጠ ይጣላል፤ ጥቃቱም ይከሽፋል።»
ሁለቱም ስህተት። ካርታው እጅ ላይ ይቆያል፤ ለሚቀጥለውም ጥቃት ያገለግላል። የሚድነውም የገለጠው ብቻ ነው።

«ስሮን ሩም ሚሊሻን ሁለቴ ሲያስጫውት አንድ መግለጥ ይበቃል።»
ስሮን ሩም ሌላ ካርታን ሁለቴ የሚያስጫውት ካርታ ነው፤ ሚሊሻ ደግሞ ሌሎቹን ካርታ የሚያስጥል ጥቃት ነው። ሁለቴ መጫወት ሁለት ቅጽበት ነው። በሁለተኛው ያልገለጠ ሰው እጁን ወደ 3 ካርታ ያወርዳል።

«ዋችታወርም ሞውትም እርግማንን ያስቀራሉ፤ ልዩነት የላቸውም።»
ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሞውት የገለጠ ሰው እርግማኑን ጭራሽ አያገኝም፤ ካርታው ክምሩ ላይ ይቀራል። ሌላው የአጸፋ ካርታ ዋችታወር የሚቀሰቀሰው ግን ካርታ ሲገኝ ነው። እርግማኑ መጀመሪያ ከክምሩ ወጥቶ የተጣሉት ካርታዎች ክምር ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ዋችታወር ተገልጦ ወይ ከጨዋታ ያስወጣዋል፣ ወይ ከመሳቢያው ክምር አናት ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የእርግማኑ ክምር በአንድ ይቀንሳል። በሁለት ተጫዋች ያሉት እርግማኖች 10 ብቻ ናቸው፤ ማንኛውም 3 ክምር ካለቀ ደግሞ ጨዋታው በዚያ ተራ ማብቂያ ይዘጋል። በነጥብ የሚመራ ሰው ዋችታወርን፣ የሚከተል ሰው ሞውትን ቢመርጥ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

«ተነል የተጣሉት ክምር ላይ በደረሰ ቁጥር ወርቅ ያመጣል።»
ተነል ሲጣል ወርቅ (የገንዘብ ካርታ) የሚያስገኝ የአጸፋ ካርታ ነው። ከእጅ በሚሊሻ ሲጣል፣ አዎ። በተራ ማብቂያ ጽዳት ሲጣል ግን የለም። ተገዝቶ እዚያ ሲያርፍም የለም፤ ያ ማግኘት እንጂ መጣል አይደለም።

«የመሳቢያው ክምር እንዳለቀ ወዲያው ይበወዛል።»
የሚበወዘው ካርታ ማንሳት ሲያስፈልግና ሲጠፋ ብቻ ነው። 5 ማንሳት ፈልገን 3 ካለ፣ ሦስቱን አንስተን፣ በውዘን፣ 2 እንጨምራለን። ቀድሞ የበወዘ ሰው በዚያ ተራ የሚገዛው ካርታ ከብወዛው ውጭ ይቀርበታል።

«ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጎዳል።»
በአንድ ሰው ላይ ሁለት ነገር ከተገጣጠመ ቅደም ተከተሉን ራሱ ይመርጣል። በተለያዩ ሰዎች ላይ ከሆነ ግን ተራው ከደረሰው ተጀምሮ በዙሩ ይኬዳል። እርግማን 1 ብቻ ቀርቶ ዊች ብትወጣ፣ የሚወስደው ከአጥቂው ግራ የተቀመጠው ነው፤ ሌሎቹ ምንም አይነካቸውም።