በብዕር ለሰረቀ ምን ቅጣት ይገባዋል?

ስለ ከባድ የገንዘብ ማጭበርበር ሲወራ የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ። የሰው ገንዘብ አተርፋለሁ ብሎ ይቀበል የነበረውን የኒውዮርኩን በርናርድ ማዶፍን ጉዳይ ይዘን እንያቸው። ማዶፍ ከአዲስ ደንበኛ የተቀበለውን ገንዘብ ለቀድሞው «ትርፍ» ብሎ ይከፍል ነበር። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2008 ሲያዝ ለደንበኞቹ «አላችሁ» ያላቸው ገንዘብ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

«ደም አልፈሰሰም፤ ቅጣቱ ይቅለል»

ተጎጂዎቹ ሀብታሞች ብቻ አልነበሩም። አንዲት አዛውንት በመንግሥት የምግብ ድጎማ እንደሚኖሩ፣ ወር ሲያልቅም ከቆሻሻ ገንዳ እንደሚለቅሙ ለፍርድ ቤት ተናግረዋል። የደንበኞቹን ገንዘብ ለማዶፍ የሰጠ አንድ ፈረንሳዊ በዚያው ወር ራሱን አጠፋ። በስተርጅና ጡረታው የተበላበት ሰው መልሶ የሚያጠራቅምበት ዕድሜ የለውም። እኔ ይህን ቢላ መዝዞ ከመዝረፍ አሳንሼ አላየውም።

«ሀብታም ቢታሰርም ቶሎ ይወጣል»

ጠበቃው 12 ዓመት ይበቃዋል ብለው ነበር። ዳኛ ዴኒ ቺን 150 ፈረዱበት። በአሜሪካ ፌዴራል እስር ቤት አመክሮ ከቀረ ቆይቷል። በመልካም ጠባይ የሚቀነሰውም በዓመት ቢበዛ 54 ቀን ነው። ማዶፍ በ2020 ታምሜያለሁ፣ ልፈታ ቢልም እኚሁ ዳኛ አልተቀበሉትም። በ2021 እዚያው ሞተ። እርግጥ በማጭበርበር የከሰረው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ፣ የኤንሮን፣ አለቃ የነበረው ጄፍሪ ስኪሊንግ ከ24 ዓመት ወደ 14 ወርዶለታል። ስለዚህ የሕዝቡ ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ አይደለም።

«የተበላ ገንዘብ አይመለስም»

ይመለሳል፤ ግን ዓመታት ይፈጃል። ንብረት አጣሪው ካስገቡት በላይ ያወጡትን እያሳደደ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስመልሷል። ከአንድ ሟች ባለሀብት ውርስ ብቻ 7.2 ቢሊዮን ተገኝቷል። ለኔ ከእስሩ እኩል የሚያስፈልገው ይህ ነው።

«ሞት ቢፈረድ ማንም አይደፍርም»

ቬትናም ሞከረችው። በ2024 ትሩኦንግ ሚ ላን የተባለችው ባለሀብት ከባንክ 12.5 ቢሊዮን ዶላር በመመዝበር ሞት ተፈረደባት። ሕጉ ግን ገንዘቡን ስትወስድም ነበር፤ አላስቆማትም። አገሪቱ በ2025 ለምዝበራ የሞት ቅጣትን አስቀርታለች።

አጭበርባሪ የቅጣቱን ዓመት አይቆጥርም፤ አልያዝም ብሎ ነው የሚገባበት። ማዶፍን ሊያስይዝ የሚችል ሰው ነበር። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ የፋይናንስ ባለሙያ ከ2000 ጀምሮ የአሜሪካን የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደጋግሞ አስጠንቅቋል። በ2005 ማስረጃውን ዘርዝሮ ጻፈ። ምርመራ ተከፍቶ ማጭበርበር አልተገኘም ተብሎ ተዘጋ። ማዶፍም እስከ 2008 ድረስ የሰው ገንዘብ መቀበሉን ቀጠለ።